ሰማንያ ቀን ያለ ቀለም

አሰብ፣ መስከረም 10 ቀን 1996 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)

ለውድ እህቴ ለአኽበረት፣

ይህ ሰላምታ ከአሰብ ወበቅ አምልጦ አስመራ ሲደርስ ትንሽ እንደሚቀዘቅዝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ጽርሃ በሆስፒታሉ ሥራዋ ላይ ናት፤ እኔም በጨው ማምረቻው ላቦራቶሪ ጨውን ከባሕሩ ስለይ እውላለሁ። መልሴ ዘጠኝ ቀን በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቸል ብዬ አይደለም። ያነሣሽው ጉዳይ በሌላ አባት ዘንድ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ዘንድ ግን እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

መልሴ አዎን ነው። ለሰገን ብስክሌት ይገዛላት። ልጄ ለትምህርቷ ብላ አንቺ ዘንድ ከሄደች ዓመት አልፏታል፤ በአስመራ የምታድግ ልጅ ብስክሌት ከሌላት፣ በአሰብ አድጎ ዋና እንደማያውቅ ልጅ ትቆጠራለች። ስለ መግዛቱ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ቦታው ነው።

ብስክሌት ስለ ራሱ አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው የሚሸጠው ሰው ነው። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ሻጩን መርምሪ። ሦስት ቦታ እንድታዪ እጠይቃለሁ፦ በዋናው ጎዳና ያለውን አዲስ መደብር፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ዕቃውን የሚሸጥ ቤተሰብ ካለ እርሱን፣ መደበር በሚባለው የአሮጌ ብረት ገበያ ያሉትን ብረት ሠራተኞች። በየቦታው የፊት ቸርኬውን ከመሬት አንሥተሽ አሽከርክሪና ጎን ለጎን ይወዛወዝ እንደሆነ ተመልከቺ። ፍሬኑን ይዘሽ ወደ ፊት ግፊው። ልጅቷ ሳይከፈል በፊት እንድትነዳው የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመሽ ደህና ዋል ብለሽ ውጪ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ31 ሳንቲም ነው፤ በራችን መቃን ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት ምልክት ይህንን ያሳያል።

ከአንድ ሰው ግን እንዳትገዢ፤ ከብስክሌት ሠራተኛው ከገረንስኤ። እንዴት እንደማነክስ ዘወትር አይተሻል። በ1969 በውድድር መሃል፣ በአርባሮባ ቁልቁለት ላይ፣ ከሥሬ ለሁለት የተከፈለው ቴላዮ የእርሱ ብየዳ ነበር። የብስክሌት አጽም የሚባለው እኮ ቴላዮው ነው፤ እርሱ ከከዳ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ይህ ጉዳይ ዳግመኛ ባይነሣ እመርጣለሁ።

ወንድምሽ ዕቁባይ

(በደብዳቤው ጠርዝ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ) አኽበረት እህቴ፣ ጽርሃ ነኝ። ይህ ሰው ብስክሌት የሚገዛ ሳይሆን መርከብ የሚገዛ ነው የሚመስለው። ልጄን ሳሚልኝ። ፀጉሯ ረዘመ ወይ?


አስመራ፣ መስከረም 26 ቀን 1996

ወንድሜ ዕቁባይ፣

ደብዳቤህም የላክኸው የጨው ጥቅልም በደህና ደረሱኝ። ሰገን ጨዉን በምላሷ ነክታ፣ «ይሄ የአባዬ ነው፤ ከገበያው ይልቅ ይኮሳተራል» አለች። ስለዚህ ደህንነታችን በቂ ማስረጃ አለው። የበለሱ ወራት አልቆ ዝናቡም ሄዷል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከአርባሮባ በኩል እየወጣ እስከ ደጃችን ይደርሳል።

እንደ ትእዛዝህ ሦስቱንም ቦታ አየሁ።

በአዲሱ መደብር አንድ ጎልማሳ በክራቫት ተቀበለን። «እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ብስክሌት አይደለም፤ ሠርግ ነው!» አለኝ። እውነትም ያብለጨልጫል። ልጅቷ አንድ ዙር ትንዳውና እንየው ስለው፣ «ጎማው ይቆሽሻላ!» አለ።

«ታዲያ የምንገዛው ለግድግዳ ነው?»

«መጀመሪያ ይገዛል፤ ከዚያ ይነዳል። ደንብ ነው።»

ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ። ሰገን ግን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አይታዋለች፤ ይህንን አልደብቅህም።

ወደ አገራቸው የሚመለሱት ቤተሰብ ብስክሌት ግሩም ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ኮርቻውን በሁለት እጁ አቅፎ ያለቅሳል። እናቱ ትገፋዋለች፤ እርሱ ይጣበቃል። እኔ መምህርት ነኝ፤ ከልጅ እጅ ብስክሌት ነጥቄ ነገ ክፍል የምገባበት ፊት የለኝም። ሰገንም፣ «አሞይ፣ እንሂድ» ብላ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

መደበር ገበያ ደግሞ ዋጋው ጥሩ ነው፤ ቸርኬው ግን እንደ ሙሽራ አጃቢ ይጨፍራል። «ሲሄድ ይስተካከላል» አለኝ ሰውየው። «ቸርኬው ነው ወይስ ልጅቷ?» ብዬ ስጠይቀው አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁበት፤ እርሱም አብሮ ሳቀ።

አሁን ለምን እንደምቸኩል ልንገርህ። በንግደት ማርያም ክብረ በዓል ሰሞን፣ እሑድ ኅዳር 24 ቀን፣ የሠፈሩ ልጆች የብስክሌት ውድድር አለ፤ ዘንድሮ ሴቶቹም ከወንዶቹ ጋር ይወዳደራሉ። ሰገን ስሟን አስመዝግባ መጣች። «ብስክሌት ሳይኖርሽ?» ብላት፣ «አሞይ፣ ስም እኮ ጎማ አያስፈልገውም» አለችኝ። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የሠፈሩ ልጆች «ቆላ» ነው የሚሏት። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሳንባ ዳገት አይወጣም ይላሉ። ግን ስሟን ስትጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል፤ መዝገቡን የያዘው ሰው አሳይቶኛል።

ቁመቷን ለካሁ። 1 ሜትር ከ37 ነው።

እህትህ አኽበረት


አሰብ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1996

ውድ አኽበረት፣

ስለ ዘገባሽ ትክክለኛነት አመሰግናለሁ። ሦስቱን ቦታዎች በሰንጠረዥ አስቀምጬ በየመስፈርቱ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቅጂው በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። የሻጩ ጠባይ የሚያሳዝን ቢሆንም አዲሱ መደብር ይበልጣል። ክራቫት ያሰረ ሰው ቢያንስ አድራሻ አለው። ሌላ ሰው ይዘሽ ተመለሺና መንዳቷን አስፈቅጂ።

ይሁን እንጂ ልኬቱን እንድትደግሚው እጠይቅሻለሁ። በስድስት ሳንቲም ተሳስተሻል። ጫማዋን አውልቃ ነበርን? ሜትሩ ከጫፉ የተቀደደ አልነበረምን? ቴላዮ በተሳሳተ ልኬት ከተመረጠ ጉልበት ይጎዳል። የእኔ ምልክት እስከ አሁን በመቃኑ ላይ አለ፤ ዛሬ ጠዋት እንደገና ለክቼዋለሁ፤ 1 ሜትር ከ31 ነው።

ስለ ውድድሩ አስተያየት አልሰጥም። ቁልቁለት አለውን?

ዕቁባይ

(በጠርዙ) አኽበረት፣ ይህ ሰው ዓመት ያለፈውን የእርሳስ መስመር ለክቶ ልጁን የለካ መስሎታል። «ዕቁባይ፣ ልጅ ጨው አይደለችም፤ ባስቀመጥካት ቦታ አትቆይህም» አልኩት። ከዚያ መቃኑ አጠገብ ብዙ ቆመ። ጽርሃ።


አስመራ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1996

ወንድሜ፣

በቅድሚያ ይቅርታ። ደብዳቤዬ አጭር የሆነው የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስለሆነ ነው። ሁላችንም ደህና ነን፤ ጎረቤቶቻችን ሰላም ብለውሃል፤ የግቢያችን ሎሚ አፍርቷል።

ብስክሌቱ ተገዝቷል። ከአዲሱ መደብር አይደለም፤ ደንባቸው ደንብ ሆኖ ቀረ። ሻጩን እንዳልኸው መርምሬዋለሁ። ሰገን ሳይከፈል በፊት ሦስት ቀን ነድታዋለች። በወሩ ካልተስማማት ይመለሳል። ቸርኬው ሲሽከረከር የቆመ ውኃ ይመስላል። ከዚህ በላይ አሁን አልጽፍም፤ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። የሰገን ማስታወሻ አብሮ አለ፤ አላነበብኩትም፤ እርሷው ናት ያሸገችው።

አኽበረት

አባዬ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ብስክሌት አለኝ!!! የሠራልኝ አቦይ ገረንስኤ ነው። አሮጌ የትልቅ ሰው ቴላዮ ቆርጦ በልኬ በየደልኝ። የሚለካው በሜትር አይደለም፤ አንገቱ ላይ በሚንጠለጠል ገመድ ነው። «የአባትሽ ደብዳቤ 31 ይላል፤ እግርሽ ደግሞ ሌላ ይላል፤ እኔ የማምነው እግርሽን ነው» አለኝ። ቀለም የለውም። አቦይ ገረንስኤ የበየደውን ብስክሌት ቶሎ አይቀባም፤ ለወንድ ልጅ አርባ ቀን፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን፣ ልክ እንደ ክርስትና። ብረቱ ኃጢአት ካለበት ሳይጠመቅ ይናዘዝ ነው የሚለው። ስንጥቅ ካለ በራቁት ብረት ላይ ይታያል፤ ቀለም ካለ ግን ይደበቃል። እየሄድኩ በየሳምንቱ ቅዳሜ አሳየዋለሁ፤ በጣቱ ይዳስሰዋል። ቅዳሜ ጥቅምት 19 ነው የጨረሰው። ልጆቹ አሁን «ቆላ» ትተው «ዝገት» ይሉኛል። ምንም አይደለም። ትንሽ ነው የሚያናድደኝ።

እማዬን ሳምልኝ። ስትመጣ አንተንም ኋላዬ ላይ እጭንሃለሁ።

ሰገን


አሰብ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1996

አኽበረት፣

የልጅ ማስታወሻ ትልቅ ሰው የደበቀውን ነግሮኛል። በግልጽ የከለከልኩት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱንም አደረግሽው።

ብስክሌቱ ይመለስ። ሰገን አትወዳደርም። ምክንያት መስጠት አይጠበቅብኝም፤ ምክንያቱን በእግሬ ተሸክሜዋለሁ።

ዕቁባይ

(በተለየ ወረቀት) አኽበረት፣ ይህንን ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሌላ ጽፎ ቀደደ። ቁርጥራጩን ስጠርግ አንድ ቃል ብቻ አነበብኩ፤ «ቀይ» ይላል። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ስለዚያ ውድድር ያወራኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ በዚሁ በተቆጠበ አነጋገር። አንድ የተደበቀ ነገር አለ። አንቺ በግልጽ ጠይቂው፤ ከእኔ ይሸሻል። ጽርሃ።


አስመራ፣ ኅዳር 6 ቀን 1996

ዕቁባይ፣

ሰላምታዬን ለጽርሃ። ለአንተም ነው፤ ግን ዛሬ ከልቤ አይወጣም።

ልደብቅህ አይገባኝም ነበር፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላውን ግን አልጠይቅም፤ ካየኋቸው ሻጮች ሁሉ ያንተን ፈተና ያለፈ እርሱ ብቻ ነበር። ብስክሌቱን ይዤ ገረንስኤ ዘንድ ሄድኩ። ድሮ በዋናው ጎዳና የነበረው ሱቁ ዛሬ አባ ሻውል ሠፈር ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስገባ ጉረኖ ነው። ከአንተ ውድቀት በኋላ የከተማው ተወዳዳሪ ሁሉ እንደሸሸው ታውቃለህ። ሰገን ብስክሌቷን ወደ ውስጥ ስትገፋ ድምፅ አላሰማችም። ልጅ ሲያለቅስ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ግን አላጋጠመኝም።

«አባቷ ይመለስ ብሏል» አልኩት።

«የማን ልጅ ናት?» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ አልነገርኩትም ነበር። ደብዳቤ የሚልክ አባት እንዳላት ብቻ ነበር የሚያውቀው። ስምህን ነገርኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከግድግዳው ሚስማር ላይ አንድ የተሰበረ ብረት አወረደ፤ ቁራጭ ቴላዮ ነው። በቢላዋ ፋቀው። ቀይ ቀለም ተላጠ።

«ይሄ ብረት ከእጄ የወጣ ዕለት አልተቀባም ነበር፣ ልጄ» አለኝ።

«ማን ቀባው ታዲያ?»

«እኔ ሃያ ሰባት ዓመት አልተናገርኩም። ዛሬ ለምን እናገራለሁ?»

«ሱቅዎን ዘጉብዎት እኮ፣ አቦይ! ስምዎን አጠፉብዎት! ለምን ዝም አሉ?»

ብረቱን ወደ ሚስማሩ መለሰውና ምን አለ መሰለህ? «ልጁ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። ስሙንም ልስበርበት እንዴ?»

ብስክሌቱን መልሶ አልተቀበለኝም። «ቀኑ አልሞላም፤ ከቀኑ በፊት ከባለቤቱ አይለይም» ብሎ ለሰገን አስረከባት። እኔ ግን ያንተን ፈቃድ እስካገኝ ድረስ መጋዘን አስገብቼ ቆልፌበታለሁ። ቃልህ ሕግ ነውና አይነዳም። ልጅህ ማታ ከእራት በፊት በመጋዘኑ በር ቀዳዳ ታየዋለች።

እንግዲህ የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፤ ምን እንደሆነም ታውቃለህ። ውድድሩ ኅዳር 24 ነው። የአውሮፕላን ፖስታ ሐሙስ ይገባል። ከኅዳር 21 በኋላ የሚደርስ መልስ ለሰገን መልስ አይደለም።

አኽበረት


አሰብ፣ ኅዳር 14 ቀን 1996

ውድ እህቴ፣

ጥያቄሽን በጠየቅሽበት መልክ እመልሳለሁ።

የቀባሁት እኔ ነኝ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ብስክሌቱን ገረንስኤ በይዶ ሲሰጠኝ፣ «አርባው እስኪሞላ ቁልቁለት አትውረድበት፤ በየሳምንቱም አሳየኝ» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። ለዐሥራ አንድ ቀን እሺታዬን ጠበቅሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት፣ ጓደኞቼ በጎዳናው ላይ፣ «የዕቁባይ ብስክሌት ሸሚዝ የለውም!» ብለው ሳቁ። በዚያን ጊዜ አስመራ ውስጥ ያልተቀባ ብስክሌት ይዞ ለውድድር መሰለፍ ምን ያህል ያሳፍር እንደነበር ዛሬ ለማስረዳት ይከብደኛል። አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ በእናታችን ግቢ፣ ከሎሚው ሥር፣ ቀባሁት።

ቀጥሎ ያለውን ለጽርሃም አልነገርኳትም። ስቀባው ከፊት መገጣጠሚያው አጠገብ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ብሩሹ ቆመ። ጭረት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩትና በላዩ አሳለፍኩበት። አኽበረት፣ አይቼዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ሳልለካ የማላምነው በተፈጥሮዬ ጠንቃቃ ሆኜ አይመስለኝም።

በሆስፒታል ሳለሁ ሰዎች መጥተው፣ «ማን ነው የሠራው?» አሉኝ። «ገረንስኤ» አልኩ። አንድ ቃል ናት። እውነትም ነበረች። ያልተናገርኩት ግን የሰውየውን ሱቅ ዘጋ። እግሬ ሲድን እናገራለሁ አልኩ፤ ዳነ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናገራለሁ አልኩ፤ ገባሁ፤ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠሩንም ተውኩት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቅሻለሁ። መጋዘኑን ክፈቺ። ይህንን ደብዳቤ ወደ ገረንስኤ ወስደሽ አንብቢለት፤ ብቻውን ሲሆን ሳይሆን ሰው ሲሞላ። ከኔ ዕድሜ እኩዮች መካከል በዚያ ውድድር የነበሩ ካሉ ጥሪያቸው። ሦስተኛው፦ ከውድድሩ በፊት ቅዳሜ ዕለት ገረንስኤ መገጣጠሚያውን በጣቱ ይዳስሰው። እርሱ ይሂድ ካለ ይሂድ። ከዚህ የተሻለ ቦታ ልጄ ብስክሌት ልትገዛ የምትችልበት አላውቅም። ሰንጠረዡን ቅደጂው።

በመቃኑ ላይ 1 ሜትር ከ37 ላይ አዲስ መስመር አሰመርኩ። ከትከሻዬ ያልፋል። እንዲህ ረጅም መሆኗን አላወቅሁም ነበር።

ዕቁባይ


አስመራ፣ ኅዳር 25 ቀን 1996

ዕቁባይ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ!

ይህንን በመጀመሪያው መስመር ያስቀመጥኩት አንተ ደብዳቤ ከሥር ጀምሮ የማንበብ ጠባይ ስለሌለህ ነው። አሁን በሥርዓቱ ልጀምር፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ሎሚውም ደህና ነው።

ደብዳቤህ ሐሙስ ቀን በስምንት ሰዓት ደረሰ። በዘጠኝ ሰዓት አባ ሻውል ነበርኩ። ሰው ጥሪ ብለኸኝ ነበርና ዘጠኝ ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ፤ ሦስቱ በዚያ ውድድር አብረውህ ነበሩ። ጉረኖው ስለማይበቃ ውጭ ቆሙ። ገረንስኤ የቸርኬ ሽቦዎችን፣ ራጂዎቹን፣ እያጠበቀ ነበር፤ ሳነብም አላቆመም። ጨረስኩ።

«እንደገና አንብቢው» አለኝ።

«ከየት ልጀምር፣ አቦይ?»

«ቀለሙን ከገዛበት።»

አነበብኩት። ሲያልቅ መፍቻውን አስቀመጠና ወደ ሚስማሩ ቀና አለ። «ቀለሙስ ጥሩ ቀለም ነበር» አለ። «ሃያ ሰባት ዓመት እኮ አልለቀቀም።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ገረንስኤም ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ዓይኑን በቅባት እጁ ጠረገና ፊቱ ጥቁር ሆነ። ያ «ሸሚዝ የለውም» ብሎህ የነበረው ጓደኛህ፣ ዛሬ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድመው፣ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመ። «እኔም አለሁበት፣ አቦይ ገረንስኤ። እኔ ነኝ የሳቅሁበት» አለ። ገረንስኤም፣ «ተነሥ አንተ ሰውዬ፤ ስትነሣ የሚያግዝህ ሰው የለኝም» አለው።

ቅዳሜ መገጣጠሚያውን ዳሰሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዳስሰው። «ንጹሕ ናት፤ ቁልቁለት ትውረድ» አለ፤ ስለ ብስክሌቷ ይሁን ስለ ልጅቷ አልጠየቅሁትም።

የውድድሩን ነገር እንድተርክልህ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ግን አላየሁትም። እፍረቴን ልናዘዝ፤ እሑድ ከመነሻው ጀምሮ ዓይኔን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። የሰማሁትን ልንገርህ። ሠላሳ አራት ልጆች ነበሩ፣ ሴቶቹ ስድስት። በመጀመሪያው ዙር ከበላዬ በረንዳ ላይ አንዲት ሴት፣ «ቆላዋ አሥራ አንደኛ ናት፤ እንኳን ወጣች» አለች። በሁለተኛው ዙር አንድ ልጅ፣ «ዝገት መጣች! ዝገት መጣች!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅም ተሰማ። ቁልቁለት አለውን ብለኸኝ ነበር። አለው። ከዳገቱ በኋላ ወደ ታች የሚታጠፍ አለ። እዚያ ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰማሁ፤ የሚያብረቀርቁት ብስክሌቶች ፍሬናቸው ተይዞ ሲያፏጩ ሰማሁ። ከአጠገቤ ገረንስኤ፣ «አትያዥው፤ አትያዥው፤ አሁን ያዢው፤ ጎበዝ» እያለ በሹክሹክታ ይነዳ ነበር።

በሦስተኛው ዙር ሳቁ የለም። «ዝገት!» ይላሉ፤ ግን አባባሉ ሌላ ሆኗል። እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ ልጁም ትልቁም በአንድ ድምፅ፣ «ዝ-ገት! ዝ-ገት! ዝ-ገት!» እልልታ ተቀላቀለበት። ያኔ ነጠላዬን ገለጥሁ። አንድ ራቁት ብረት ብቻዋን መስመሩን አልፋ ስትሄድ ከኋላዋ ነው ያየሁት። ሁለተኛው ልጅ ገና ከመታጠፊያው እየወጣ ነበር።

አንደኛ ወጣች፣ ዕቁባይ! የቆላው ሳንባ!

ከዚያ ወዲህ ለሠፈሩ ልጆች ዝገት የክብር ስም ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ልጆች የብስክሌታቸውን ቀለም በአሸዋ ወረቀት ሲፍቁ ተይዘው እናቶቻቸው ተቆጥተዋል። ገረንስኤ ደጅ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ሰባት ወላጅ ተሰልፏል፤ ያ ባለ ክራቫቱ የመደብር ሰው ሳይቀር ለራሱ ልጅ መጥቷል። «ልጁ ይንዳና ይየው» አለው ገረንስኤ፤ «እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይነዳል።»

ለአንተ የላከው መልእክት አለ። ቀኑ ሲሞላ ብስክሌቷን የሚቀባ ሰው ይፈልጋል። «የላቦራቶሪ አለቃ አይደለም የምፈልገው» ብሏል። «ያንን አርባውን ያልጨረሰውን ልጅ ላኪልኝ።»

አኽበረት


አሰብ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1996

ውድ አኽበረት፣

ደብዳቤሽን ጽርሃ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ እኔ አነበብኩት፤ ከዚያ በላቦራቶሪው ያሉት ሦስት ረዳቶቼ አነበቡት። የዕለቱ የጨው መዝገብ እስከ አምስት ሰዓት ባዶ ሆኖ ቆይቷል። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ነው።

ጥቅምት 19ን አንድ ብዬ ቆጥሬአለሁ። ሰማንያኛው ቀን ሰኞ፣ ጥር 6፣ የልደት ዋዜማ ላይ ይውላል። ጽርሃም ቆጥራለች፤ ለአንድ ጊዜ ተስማምተናል። የአውሮፕላን ቲኬታችን ለሐሙስ፣ ጥር 2 ተይዟል። ለልጄ አራት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ከዓመት በላይ ዘግይቻለሁና አራቱ ቀን አይበዛም። በኋላዋ እጭንሃለሁ ያለችኝን አልረሳሁም፤ ክብደቴን ለገረንስኤ አስቀድመሽ ንገሪው።

ቀለሙን ሰገን ትምረጥ። ቀይ ካለች ቀይ ይሁን፤ አልፈራውም። ብሩሹን ከዚህ ይዤ እመጣለሁ።

ለአቦይ ገረንስኤ ደግሞ እንዲህ በዪልኝ፦ ሰኞ ጠዋት ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ አስመራ ውስጥ ብሆን እንኳ፣ በመጋዘኑ በር ቀዳዳ ካላየሁት በቀር ብረቱን አልነካውም። ሰባ ዘጠነኛው ቀን ሰማንያኛው አይደለም።

ወንድምሽ ዕቁባይ

(በጠርዙ) አኽበረት፣ ቅድም ከመቃኑ አጠገብ ቆሞ ሲዘፍን ያዝኩት። «ዝ-ገት፣ ዝ-ገት» ይላል። ጽርሃ።